ቀዳዳው የንብ ነው ወይስ የእሳተ ገሞራ? ከብልባላ ግድግዳ እስከ ማርስ ድንጋይ

ከላሊበላ ተነስታችሁ ወደ ሰቆጣ በሚወስደው መንገድ ወደ ሰሜን ስትጓዙ፣ ላስታ ውስጥ ብልባላን ታገኛላችሁ። አካባቢው ከዓለት በተፈለፈሉ አብያተ ክርስቲያናቱ ይታወቃል። ከእነሱ አንዱ ብልባላ ጊዮርጊስ ነው። በግድግዳው ውስጥ ንቦች ይኖራሉ፤ ማሩንም ምእመኑ ለፈውስ ይፈልገዋል።

ዘመድ ጥየቃ በሄድኩበት ጊዜ እዚያ ደጅ ላይ ቆሜ ንቦቹ ሲገቡና ሲወጡ አያለሁ። የአሥራ ሦስት ዓመት ገደማ ልጅ፣ አህያ ላይ ባዶ ጀሪካን ጭኖ ውሃ ሊቀዳ ሲያልፍ አጠገቤ ቆመ። ዩኒቨርሲቲ እንደምማር ሰምቷል መሰለኝ።

«ጋሼ፣ ማርስ ላይ ሕይወት አለ የሚባለው እውነት ነው?»

«እስካሁን አልተገኘም» አልኩት።

«ይህን ሁሉ ዓመት ሮቦት ልከው ካላገኙማ የለም ማለት ነዋ!» ትንሽ አሰበና ደግሞ ጨመረ፤ «ቢገኝስ ለእኛ ምን ይረባናል?»

አህያዋ ቀድማው ስለሄደች እሱም መልሴን ሳይሰማ ተከተላት። እውነቱን ለመናገር፣ ቢቆምም ጥሩ መልስ አልነበረኝም። ይህ ጽሑፍ ዘግይቶ የመጣ መልስ ነው። (ዓመታቱ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

እስቲ ነገሩን ከድንጋዩ እንጀምረው። የሰሜን ኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች፣ የላስታ ተራሮች ጭምር፣ በአብዛኛው የተሠሩት ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ምድር ተሰንጥቃ በተደጋጋሚ ካፈሰሰችው ቅልጥ ዓለት ነው። ቅልጡ ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያለው ጋዝ አረፋ ሠርቶ ለመውጣት ይታገላል። ሳይወጣ ድንጋዩ ከጠነከረ ቦታው ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል፤ ልክ እንደ እንጀራ ዓይን።

አሁን ንብ አይቶ የማያውቅ ሮቦት ከሩቅ ዓለም መጥቶ፣ በብርድ ሌሊት እንዲህ ካለ ግድግዳ ፊት ቆመ እንበል። ንቦቹ ተኝተዋል። የሚያየው ቀዳዳ ብቻ ነው። አንዱ ቀዳዳ የንብ መግቢያ ነው፤ ሌላው የጋዝ አረፋ የተወው። በምን ይለያቸዋል? «ንብ አላየሁም፣ ስለዚህ የለም» ቢል ይሳሳታል። «ቀዳዳ አይቻለሁ፣ ስለዚህ ሕይወት አለ» ቢልም ሊሳሳት ይችላል። የማርስ አሰሳ ታሪክ የዚህ ጥያቄ ታሪክ ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም።

ዓይን ሲያታልል

በ1877 ጣሊያናዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ጆቫኒ ስኪያፓሬሊ በቴሌስኮፑ ማርስን ሲመለከት ቀጫጭን መስመሮች ታዩት። «ካናሊ» አላቸው፤ በጣሊያንኛ ቦይ መሰል ሰርጥ ማለት ነው፤ ሰው ቆፈረውም ተፈጥሮ ሠራውም ቃሉ አይለይም። ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገር ግን ሰው የቆፈረው ቦይ የሚል ትርጉም ያዘ። አንድ ቃል ሲተረጎም አንድ ሙሉ ሥልጣኔ ተወለደ ማለት ይቻላል።

አሜሪካዊው ባለጸጋ ፐርሲቫል ሎዌል ሐሳቡን አጥብቆ ያዘው። በ1894 አሪዞና ውስጥ የራሱን የምልከታ ማዕከል አቁሞ፣ ማርሳውያን ውሃ ስላጠራቸው ከዋልታዎቹ በረዶ ወደ ሜዳው በቦይ መስኖ ይስባሉ ብሎ መጻሕፍት ጻፈ። ብዙ ሰው አመነው። ሎዌል ውሸታም አልነበረም፤ ያየውን ነው የሣለው። ችግሩ ዓይናችን ነው። የተበታተኑ ብዥ ያሉ ነጠብጣቦችን ከሩቅ ስናይ አእምሯችን በመስመር ያገናኛቸዋል። በነገራችን ላይ በዚያ ዘመን ከወጡት የማርስ የቦታ ስሞች አንዱ «ኤቲዮፒስ» ነው፤ ስሙ እስከ ዛሬ በማርስ ካርታ ላይ አለ።

ክርክሩን የዘጋው ሮቦት ነው። ማሪነር 4 የተባለችው መንኮራኩር በሐምሌ 1965 በማርስ አጠገብ አልፋ 22 ፎቶ አነሳች፤ የመጨረሻው ጎዶሎ ነበር። እዚህ ላይ እንደ መሐንዲስ ትንሽ ስሌት ፍቀዱልኝ። አንዱ ፎቶ 200 በ200 ነጥብ ነው፤ ማለትም 40,000 ነጥብ። እያንዳንዱ ነጥብ 6 ቢት ሲይዝ በድምሩ 240,000 ቢት ይሆናል። ሬዲዮዋ ይልክ የነበረው በሰከንድ 8 ቢት ከሲሶ ነው። አካፍሉት፤ 28,800 ሰከንድ፣ ማለትም 8 ሰዓት። አንድ ፎቶ፣ አንድ የሥራ ቀን! ዛሬ በስልካችን የምንልከው የ2 ሜጋባይት ፎቶ በዚያ ፍጥነት ቢላክ 22 ቀን ገደማ ይፈጅበታል።

መሐንዲሶቹ ኮምፒውተሩ ምስሉን እስኪያወጣ መጠበቅ አቃታቸው። የመጡትን ቁጥሮች በወረቀት ጥብጣብ አትመው ግድግዳ ላይ ለጠፉና እንደ ሕፃን የሥዕል ደብተር በእጃቸው ቀለም ቀቡት። የታየው ነገር አሳዛኝ ነበር። ቦይ የለም፣ መስኖ የለም፤ እንደ ጨረቃ በጉድጓድ የተበሳሳ መሬት ነው። አየሩም ከእኛ አየር አንድ በመቶ እንኳ የማይሞላ ስስ ሆኖ ተገኘ።

አስመራ ላይ የተተከለው ጆሮ

ይህ ታሪክ የአሜሪካና የሩሲያ ብቻ ይመስላል አይደል? በዚያው ዘመን ግን ከዚህ ውድድር አንዱ ጫፍ የእኛ ደጋ ላይ ነበር።

ያኔ በኢትዮጵያ ሥር በነበረችው አስመራ፣ አሜሪካኖች ቃኘው ጣቢያ የሚባል ትልቅ የሬዲዮ ጦር ሰፈር ነበራቸው። በ1960ዎቹ እዚያ «ስቶንሃውስ» የተባለ ክፍል ተቋቋመ፤ ትርጉሙ የድንጋይ ቤት ማለት ነው። ሁለት ግዙፍ የሳህን አንቴናዎች ተተከሉለት፤ አንዱ 26 ሜትር፣ ሌላው 46 ሜትር ገደማ ስፋት አላቸው። ሥራቸው የሶቪየት ኅብረት መንኮራኩሮች ከጨረቃ፣ ከቬነስና ከማርስ አቅጣጫ ወደ አገራቸው የሚልኩትን መልእክት መጥለፍ ነበር።

ለምን አስመራ? ካርታ አውጡና እዩ። ሶቪየቶች ሩቅ ከሄዱ መንኮራኩሮቻቸው ጋር የሚነጋገሩበት ዋናው ጣቢያ ክሪሚያ ውስጥ ነበር። አስመራና ክሪሚያ ከሰሜን ወደ ደቡብ በተሰመረ መስመር ሲታዩ እምብዛም አይራራቁም። ምድር ስትዞር ማርስ ለክሪሚያ በወጣችበት ሰዓት ለአስመራም ወጥታለች ማለት ነው። መንኮራኩሯ ለክሪሚያ ስትናገር መስማት የሚችለው ማርስን በዚያው ሰዓት ከአድማስ በላይ የሚያይ ጆሮ ብቻ ነው። ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ያለው የአስመራ ደጋም ለዚህ አመቺ ነበር።

በኅዳር 1971 የሶቪየቷ ማርስ 2 ማርስ ላይ ወድቃ ተከሰከሰች፤ ቢሆንም የዚያችን ፕላኔት መሬት የነካች የመጀመሪያዋ የሰው እጅ ሥራ ሆነች። በታኅሣሥ መጀመሪያ ማርስ 3 በሰላም አረፈች፤ ግን ከግማሽ ደቂቃ ላነሰ ጊዜ መልእክት ልካ ጸጥ አለች። ያን ጊዜ መላዋ ማርስ በአቧራ ማዕበል ተሸፍና ነበር። ስቶንሃውስ በ1975 ተዘጋ። ሥራው ለዓመታት ምስጢር ስለነበር፣ ሰማዩ ከሌላ ዓለም በሚመጣ ድምፅ መካከል እንዳለ በአስመራ ጎዳና የሚሄደው ሰው የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም።

የውሃ መሐንዲሱ ሙከራ

አሁን ወደ ጀሪካኑ እንመለስ። ልጁ «ምን ይረባናል?» ብሎ ሲጠይቀኝ ቶሎ ትዝ ሊለኝ ይገባ የነበረው ሰው ጊልበርት ሌቪን ነው።

ሌቪን የሥነ ፈለክ ሰው አልነበረም። በ1950ዎቹ በኅብረተሰብ ጤና ዘርፍ የሚሠራ የውሃና ፍሳሽ መሐንዲስ ነበር። ያስጨነቀው ነገር የመጠጥ ውሃ ነው። ውሃ በባክቴሪያ መበከሉን በላቦራቶሪ አሳድጎ ለማወቅ ቀናት ይፈጃል፤ እስከዚያ ሰው ይጠጣዋል። ሌቪን ያገኘው ዘዴ እንዲህ ነው። ለባክቴሪያ የሚሆን ምግብ ታዘጋጃላችሁ፤ በምግቡ ውስጥ ያለው ካርቦን ጨረር አመንጪ የሆነው ካርቦን 14 እንዲሆን ታደርጋላችሁ። ከናሙናው ጋር ትቀላቅሉታላችሁ። በውስጡ የሚበላ ነገር ካለ፣ ሊጥ ሲቦካ ኩፍ እንደሚያደርገው ጋዝ ይተነፍሳል። ጋዙ ጨረር ስላለው በጣም ጥቂት ቢሆንም መቁጠሪያው ይይዘዋል። ቀናት የሚፈጀው ምርመራ ወደ ሰዓታት ወረደ።

ናሳ ይህንኑ ሐሳብ ወሰደው። ቫይኪንግ 1 ሐምሌ 20 ቀን 1976፣ ቫይኪንግ 2 ደግሞ መስከረም 3 ቀን 1976 ማርስ ላይ ሲያርፉ፣ ሌቪንና ባልደረባው ፓትሪሺያ ስትራት ያዘጋጁት መሣሪያ ከሦስቱ የሕይወት ሙከራዎች አንዱ ሆኖ ተጭኖ ነበር። ክንዱ አፈር ዘገነ፣ ጠብታዋ ወረደች፣ መቁጠሪያው መቁጠር ጀመረ። ጋዝ ወጣ! አፈሩ አስቀድሞ በ160 ዲግሪ ለሦስት ሰዓት ሲበስል ግን ጋዙ ቀረ። ሕይወት ያለው ነገር ሲቀቀል ይሞታል፤ ስለዚህ ውጤቱ ሙከራው ሲነደፍ «ሕይወት አለ» ለማለት የተቀመጠውን መስፈርት አሟላ።

ግን ሁለት ነገሮች አልገጠሙም። አንደኛ፣ ሁለተኛ ጠብታ ሲጨመር የጋዙ መጠን እንደገና ከመጨመር ፈንታ ቀነሰ፤ የተራበ ነገር ሁለተኛ ጉርሻ ሲቀርብለት እንዲህ አያደርግም። ሁለተኛ፣ አፈሩን አሙቆ የኦርጋኒክ ቁስ ሽታ የሚፈልገው ሌላው መሣሪያ ምንም አስተማማኝ ነገር አላገኘም። ሬሳውም አጥንቱም ከሌለ ነዋሪ ነበረ ማለት ይከብዳል። አብዛኞቹ ሳይንቲስቶች ጋዙን ያወጣው የአፈሩ ኬሚስትሪ ነው ብለው ደመደሙ።

ታሪኩ እዚያ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። በ2008 ፊኒክስ የተባለው ሮቦት በማርስ አፈር ውስጥ ፐርክሎሬት የሚባል ጨው አገኘ። ይህ ጨው ሲሞቅ ኦክስጅን ይለቅና አጠገቡ ያለውን ኦርጋኒክ ነገር ያቃጥላል። እንግዲህ አስቡት፤ የቫይኪንግ መሣሪያ የሚሠራው አፈሩን በማሞቅ ነበር። ሊያገኘው የሄደውን ማስረጃ ራሱ አቃጥሎት ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ይህ ማለት ሌቪን ልክ ነበር ማለት አይደለም። «የለም» ያልንበት አንዱ ምክንያት ግን እንዳሰብነው ጠንካራ አልነበረም። ሌቪን በ2021 በ97 ዓመቱ እስኪያርፍ ድረስ ሕይወት አግኝቻለሁ ብሎ እንደተከራከረ ነው። 45 ዓመት ሙሉ የአንድን ሙከራ ትርጉም ይዞ መኖር ቀላል ነገር አይደለም።

ሽባው ጎማና የወሎ ኦፓል

ከቫይኪንግ በኋላ ሳይንቲስቶች ጥያቄውን ቀየሩት። «ማርስ ላይ የሚኖር ነገር አለ ወይ?» ከማለት «ማርስ ለኑሮ የምትመች ሆና ታውቃለች ወይ?» አሉ። ለዚህ ጥያቄ ምስክሩ ድንጋይ ነው፤ ድንጋይ ደግሞ እየዞሩ ነው የሚያዩት። ስለዚህ ጎማ ያላቸው ሮቦቶች ዘመን መጣ። በ1997 ሶጆርነር የተባለችው 10.6 ኪሎ የምትመዝን ትንሽ ሮቦት መንገዱን ከፈተች። በጥር 2004 ስፒሪትና ኦፖርቹኒቲ ተከተሉ።

ሁለቱም የታሰቡት ለ90 የማርስ ቀናት ነበር። ኦፖርቹኒቲ እስከ ሰኔ 2018 ሠርታ 45 ኪሎ ሜትር ተጓዘች። ለእኔ ግን የበለጠ የሚገርመኝ የስፒሪት ነው። በ2006 የቀኝ የፊት ጎማዋ ሞተ። ጠጋኝ መካኒክ አይላክም። መሐንዲሶቹ ወደ ኋላ እየነዱ ሽባውን ጎማ እንዲጎተት አደረጉት። ጎማው እየተጎተተ አፈሩን እንደ ሞፈር አረሰው። በ2007 ከተገለጠው ፈር ሥር ነጭ አፈር ብቅ አለ፤ ሲመረመር 90 በመቶ ገደማው ሲሊካ ሆነ። እንዲህ ያለ የሲሊካ ክምችት በምድር ላይ የሚሠራው ፍል ውሃ ወይም የእሳተ ገሞራ እንፋሎት ነው። ጎማው ባይሰበር ኖሮ በላዩ አልፋ ትሄድ ነበር።

ይህ ሲሊካ ከኦፓል ዘመድ ነው። ኦፓልን የወሎ ልጅ ያውቀዋል፤ ከላስታ ብዙም በማይርቀው ደላንታ፣ ወገል ጤና አካባቢ ከ2008 ጀምሮ እየተቆፈረ ዓለም ላይ ስሙ የገነነው ድንጋይ ነው። ኦፓል ማለት ሲሊካና በውስጡ የታሰረ ውሃ ነው። በእሳተ ገሞራ ዓለት ውስጥ ውሃ ሲያልፍ ሲሊካውን ያሟሟና ቀዳዳና ስንጥቅ ውስጥ ያስቀምጠዋል። በዚያው በ2008፣ ማርስን የምትዞር የናሳ መንኮራኩር ከምህዋር ሆና ኦፓል ማርስ ላይም በብዙ ቦታ እንዳለ አሳየች። የደላንታ ቆፋሪ ከገደል ሥር የሚያወጣውና ሳተላይት ከሌላ ፕላኔት ላይ ያነበበችው ምስክርነት አንድ ነው፤ «እዚህ ውሃ አልፏል»።

በ2012 ያረፈችው ኪዩሪዮሲቲ ደግሞ ገፋ አድርጋ ሄደች። ጌል በተባለው ጉድጓድ ውስጥ ጥንት ሐይቅ እንደነበረ፣ ውሃውም ኮምጣጣ እንዳልነበረ፣ ለሕይወት የሚያስፈልጉት ዋና ዋና ንጥረ ነገሮችም እንደነበሩበት አረጋገጠች። ማርስ በአንድ ወቅት ለኑሮ ትመች ነበር። የቀረው ጥያቄ ኗሪ ነበረባት ወይ የሚለው ነው።

ዳሎል፦ ውሃ ያለበት፣ ሕይወት የሌለበት

የአያቶቻችን ገንዘብ የነበረው አሞሌ ጨው ከአፋር ደንከል ተቆርጦ በግመል ወደ ደጋ ይወጣ ነበር፤ ሰቆጣም ከታወቁ የጨው ገበያዎች አንዷ ነበረች። አሞሌው ከሚቆረጥበት ሜዳ አጠገብ ዳሎል አለ። ከባሕር ጠለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ፣ ከሥሩ እሳተ ገሞራ የሚያፈላው፣ ቢጫና አረንጓዴ ቀለም ያለው የጨውና የአሲድ ኩሬ ነው። ውሃው ከ100 ዲግሪ በላይ የሚሞቅበት ቦታ አለ። የአሲድነት መለኪያው፣ ፒኤች የምንለው፣ ከዜሮ በታች ይወርዳል። የሎሚ ጭማቂ 2 ገደማ እንደሆነ አስታውሱ፤ ልኬቱ አንድ ደረጃ በወረደ ቁጥር አሲድነቱ አሥር እጥፍ ይጨምራል።

የማርስ ሳይንቲስቶች እዚህ የሚመጡት ጥንታዊቷ ማርስም እሳተ ገሞራ፣ ጨውና አሲዳማ ውሃ ስለነበራት ነው። በ2019 ስለ ዳሎል ሁለት ጥናቶች በወራት ልዩነት ወጡ። የመጀመሪያው በስፔናዊው ፌሊፔ ጎሜዝ የተመራ ቡድን ነው፤ ከመቀሌ ዩኒቨርሲቲ የመጣ ተመራማሪም ነበረበት። ከዳሎል የጨው ክምችት በወሰዱት ናሙና ውስጥ እጅግ ደቃቃ ሕዋሳት የሚመስሉ ቅርጾችና የአርኬያ ዘረመል አገኘን አሉ። አርኬያ ማለት ከባክቴሪያ የሚለዩ፣ ብዙዎቹ አስቸጋሪ ቦታ የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው።

ሁለተኛው በፈረንሳይ የምትሠራው ፑሪፊካሲዮን ሎፔዝ ጋርሲያ ቡድን ነው። እነሱ ከብዙ ቦታ ናሙና ወስደው በተለያዩ ዘዴዎች መረመሩ። በዙሪያው ባሉት ቀለል ያሉ ጨዋማ ቦታዎች አርኬያ ሞልቷል። እጅግ ጨዋማና እጅግ አሲዳማ በሆኑት በራሳቸው በዳሎል ኩሬዎች ግን ሕይወት አላገኙም። ከዚህ በላይ የሚያስደነግጠው፣ በማይክሮስኮፕ ሕዋስ የሚመስሉ ደቃቃ እንክብሎች አይተው ሲመረምሯቸው በሲሊካ የበለጸጉ የማዕድን ቅንጣቶች ሆነው መገኘታቸው ነው። ቀዳዳ አለ፤ ንብ የለም።

ክርክሩ ገና ይቀጥላል፤ ሳይንስ የሚሠራውም እንዲህ ነው። ለማርስ ግን ትልቅ ትምህርት ተገኘ። ላቦራቶሪና መኪና፣ ብዙ ባለሙያና በቂ ጊዜ እያለን፣ በእጃችን በምንነካው የአገራችን ኩሬ ላይ መስማማት ካቃተን፣ በመቶ ሚሊዮን ኪሎ ሜትሮች ርቀት ላይ ያለ አንድ ሮቦት ብቻውን ምን ያህል ይከብደው? ሌላም ትምህርት አለ። ውሃ ባለበት ሁሉ ሕይወት አለ ማለት አይቻልም። ጨው ሲበዛ ውሃውን አስሮ ይይዘዋል፤ ኩሬው ሙሉ ሆኖ ለሕዋስ ግን ደረቅ ነው። «አላገኘንም» ብሎ የጻፈው ቡድን ትልቅ ሥራ ሠራ የምለው ለዚህ ነው።

የነብር ቆዳ የመሰለው ድንጋይ

ፐርሲቪራንስ የካቲት 18 ቀን 2021 ጄዜሮ በተባለ፣ ጥንት ወንዝ ይገባበት በነበረ ጉድጓድ ውስጥ አረፈች። በዚያው ወር የኤምሬትስና የቻይና መንኮራኩሮችም ማርስ ምህዋር ገብተዋል፤ ህንድ ደግሞ በ2014 ቀድማ ደርሳለች። በ2024 ፐርሲቪራንስ «ቼያቫ ፎልስ» ከተባለ ድንጋይ ላይ የነብር ቆዳ የሚመስል ነጠብጣብ አይታ ናሙና ቆረጠች። በመስከረም 2025 ጥናቱ ታተመ። በጭቃ ድንጋዩ ውስጥ ኦርጋኒክ ካርቦን አለ፤ ነጠብጣቡ ውስጥም ቪቪያናይትና ግራይጋይት የሚባሉ የብረት ማዕድናት ያሉ ይመስላል። ምድር ላይ እንዲህ ያሉ ማዕድናትን ብዙ ጊዜ የሚሠሩት ጭቃ ውስጥ ኦርጋኒክ ነገር የሚበሉ ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው። ያለ ሕይወትም ግን ሊሠሩ ይችላሉ።

ስለዚህ ሳይንቲስቶቹ የመረጡት ቃል «ሊሆን የሚችል የሕይወት ምልክት» የሚል ነው። ቃሉ ቀዝቃዛ ይመስላል። የሎዌልን ቦይ፣ የሌቪንን 45 ዓመትና የዳሎልን እንክብሎች ላስታወሰ ግን ትክክለኛው ቃል እሱ ነው። ቁርጡን ለማወቅ ናሙናው ወደ ምድር ላቦራቶሪ መምጣት አለበት። የማምጣቱ ዕቅድ ደግሞ በወጪው ብዛት ተደናቅፏል። ቱቦው ውስጥ የታሸገው ድንጋይ እዚያው ማርስ ላይ ይጠብቃል።

ታዲያ ለእኛ ምን ይረባናል?

ወንድሜ፣ አሁን መልሱ አለኝ።

ማርስ ላይ ሕይወትን የፈለገው መሣሪያ የተወለደው ከመጠጥ ውሃ ምርመራ ነው። አንተ በጀሪካን የምትቀዳው ውሃ ንጹሕ ነው ወይ ብሎ መጠየቅና ማርስ ላይ የሚተነፍስ ነገር አለ ወይ ብሎ መጠየቅ ለመሐንዲስ አንድ ዓይነት ጥያቄ ነው። አንዱን በትንሽ፣ በርካሽና በታማኝ መሣሪያ መመለስ የቻለ ሰው ሌላውን ለመመለስ ይቀርባል።

ደግሞም የፈተናው ክፍል አገራችን ውስጥ ነው። ዳሎል ሕይወት የሚያበቃበትን ድንበር ለማየት ከሚመቹ ጥቂት የምድር ቦታዎች አንዱ ነው። የውጭ ቡድን መጥቶ ናሙና ይዞ ሲሄድ መንገድ መሪ ብቻ ሆነን መቅረት የለብንም። እንጦጦ ላይ በ3,200 ሜትር ከፍታ ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች አሉን። ማዕከሉ በ2015 ሲመረቅ ቀጣዩ ትልቅ ቴሌስኮፕ ከከተማ መብራት ርቆ በላሊበላ ዙሪያ ባሉት ተራሮች እንዲተከል ታቅዶ ነበር። የላስታው አቡነ ዮሴፍ ከ4,200 ሜትር በላይ ነው፤ ዝነኞቹ ቴሌስኮፖች ካሉበት የሃዋዩ ማውና ኬያ ጋር የሚፎካከር ከፍታ ማለት ነው። ከፍታው ለጌጥ አይደለም። የሌላ ፕላኔት አየር ውስጥ ያለውን ጋዝ ከምድር ለማንበብ የእኛ አየር እርጥበት ይጋርዳል፤ ከፍ ባሉ ቁጥር መጋረጃው ይሳሳል። ቴሌስኮፑ ገና አልተተከለም። ተራራው ግን አለ።

የመጀመሪያ ጥያቄህም አልተረሳችኝም። «ካላገኙማ የለም ማለት ነዋ!» ብለኸኝ ነበር። ቢያንስ እስካሁን፣ አይደለም። «አላገኘንም» ማለት ይህን ቦታ፣ በዚህ መሣሪያ፣ በዚህ ሰዓት አየነው ማለት ነው። ሮቦቱ ከግድግዳው ፊት የቆመው ሌሊት ነበር ብለናል። ንቦቹ ያሉ እንደሆነ የሚታወቀው ጠዋት ድረስ የሚጠብቅ፣ ቀዳዳውን ጠጋ ብሎ ሰም የሚፈልግ፣ ሰሙንም ካገኘ በኋላ «ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?» ብሎ ራሱን የሚጠይቅ ሲኖር ነው።

እናንተም በሚቀጥለው ጊዜ መንገድ ላይ ቀዳዳ ያለው ጥቁር ድንጋይ ስታገኙ አንስታችሁ እዩት። ሁለት ነገር ጠይቁት፤ ቀዳዳው ከምን መጣ? ይህንንስ በምን አወቅሁ? ፐርሲቪራንስም ማርስ ላይ የምትጠይቀው ይህንኑ ነው።